የአንድ ሰው እንጨት

ይህ ነገር የደረሰብኝ ደርግ ሊወድቅ አንድ ዓመት ከጥቂት ወር ሲቀረው ነው። ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ አሁን አሥራ ዘጠኝን ይዣለሁ። "ደረሰብኝ" ማለቴም ልክ አይደለም። የደረሰው በሌላ ሰው ላይ ነው፤ ያደረስኩት እኔ ነኝ። የሚያስቅ ገጠመኝ ጻፊ ብባል ሞልቶኛል። ይሄኛው ግን የእንጨት ክምር ባየሁ ቁጥር ስለሚመጣብኝ፣ መጀመሪያ እሱን ካላወጣሁት ሌላውን መጻፍ የምችል አልመሰለኝም።

ቤታችን የካ ነው፤ ከሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ወደ ላይ፣ የእንጦጦ ተራራ ቁልቁለቱን ጨርሶ ሰፈሩ የሚጀምርበት። አባቴ በሕፃንነቴ ስለ ሞተ እኔና እማዬ ብቻ ነን። እማዬ ሾላ ገበያ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች። እኔ ትምህርት ላይ ፈጠን ያልኩ ነበርኩ፤ አንዱን ክፍል ደብል መትቼ ስላለፍኩ ማትሪክ ስወስድ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ ታናሽ ነበርኩ። አለፍኩና ከአዲስ አበባ ራቅ ያለ ዩኒቨርሲቲ ደረሰኝ። የተመደብኩበት ትምህርት የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ይባላል።

ስሙ ለእማዬ ረዘመባት። በመጀመሪያው ቀን ለሰው ስትናገር "የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ" አለች። በሁለተኛው ቀን "የሀብት ጥበቃ" ሆነ። ሳምንት ሳይሞላ፣ በርበሬ እየሰፈረች "ልጅሽ ምን ደረሳት?" ሲሏት "ጥበቃ" ብቻ ብላ ትመልስ ጀመር።

ያን ጊዜ በእኛ ሰፈር "ጥበቃ" ማለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አብዮት ጥበቃ። የቀበሌው በር ላይ መሣሪያ አንግበው የሚቆሙት፣ አፈሳ ሲታዘዝ በየቤቱ እየገቡ ወንድ ልጅ ለጦር ሜዳ የሚለቅሙት ማለት ነው።

እኔ ይሄን ሳላውቅ ሄድኩ። ያወቅሁት የመጀመሪያው መንፈቅ አልቆ፣ የካቲት ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ለዕረፍት ስመጣ ነው።

በመጣሁ በማግስቱ የቀበሌው ሱቅ ስኳር ገባ ተባለና እማዬ ኩፖኑን ይዤ እንድሰለፍ ላከችኝ። ሰልፉ እስከ ቧንቧው ይደርሳል። መጨረሻ ላይ ቆምኩ። ከፊቴ ያሉት ሴትዮ ዞር ብለው አዩኝና የፊተኛዋን ሴት በክርናቸው ነካ አደረጓት። እሷም ቀጣዩን ነካች። ሰልፉ ተራ በተራ ዞሮ አየኝ።

"ልጄ፣ አንቺ ወደ ፊት ሂጂ" አሉኝ ሴትዮዋ።

"ኧረ ተራዬን እጠብቃለሁ።"

"ጥበቃ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የሚሰለፈው? ሂጂ፣ እለፊ።"

ሰው ገለል ገለል አለልኝ። ሳልፍ ከኋላዬ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ።

"ሴትም መመልመል ጀመሩ እንዴ?"

"ይቺማ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ነው አሉ። በዲግሪ።"

"ጉድ ፈላ። እኛ ያለ ዲግሪውም አልቻልናቸው።"

እዚያው ላይ ገባኝ። እዚያው ላይ ዞር ብዬ "እኔ የምማረው ስለ ዛፍ፣ ስለ አፈር ነው" ብል አንድ ትንፋሽ አይፈጅም ነበር። አላልኩም። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። በሕይወቴ ሰው መንገድ ለቆልኝ አያውቅም። አጭር ነኝ፣ ቀጭን ነኝ፤ አስተማሪዎች እንኳን ስሜን የሚጠሩት ሁለት ጊዜ ዘለውኝ ነው። ስኳሬን ተቀብዬ፣ አገጬን ቀና አድርጌ በሰልፉ አጠገብ ተመለስኩ።

ለእማዬ እየሳቅሁ ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፤ ቆየት ብላ ግን አልሳቀችም።

"ምን ብለሽ ነው ለሰው የምትናገሪው?" አልኳት።

"ጥበቃ ነዋ። ያልሽኝን ነው ያልኩት።"

"የምን ጥበቃ ብለሽ?"

"ማን ጠየቀኝ? 'ጥበቃ' ስላቸው ዝም ይላሉ፣ በርበሬያቸውን ይዘው ይሄዳሉ።" ትንሽ አሰበችና፣ "አንቺ ግን አሁን አውቀሻል። ሂጂና አስተካክዪ። በዚህ ስም አይቀለድም" አለችኝ።

እሺ አልኳት። ነገ እላለሁ አልኩ። የነገው ቀን ሌላ ሥራ ይዞ መጣ።

ለዕረፍት ስንበተን መምህራችን ለእያንዳንዳችን የቤት ሥራ ሰጥቶን ነበር። በየሰፈራችን አሥር ቤት እንድንጠይቅ፣ ሕዝቡ በሳምንት ምን ያህል እንጨት እንደሚያነድ እንድናጠና። ደኑ እንዴት እንደሚያልቅ ማወቅ የሚቻለው ከምድጃ ተነስቶ ነው ይለን ነበር። ወረቀቱ በስቴንስል የተባዛ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ፦ በቤቱ የሚኖሩ ሰዎች ብዛት፣ ዕድሜ፣ ጾታ። ሁለተኛው የእንጨቱ ነው። ሰው የሚናገረውን ብቻ መጻፍ ክልክል ነው፤ መለካት አለብሽ። የእንጨቱ ክምር ጫፍ በደረሰበት ግድግዳው ላይ በጠመኔ መስመር ታሰምሪያለሽ። ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሰሽ ምን ያህል እንደ ወረደ ታያለሽ። ሳምንቱ ሲያልቅ አንድ ጊዜ ደግመሽ ታያለሽ፣ አለቀ።

ደብተሬን፣ ሜትሬንና ጠመኔዬን ይዤ ሰኞ ጠዋት ጀመርኩ። መጀመሪያ የራሳችንን ክምር ለካሁ፤ ከዚያ ወደ ጎረቤት ወጣሁ።

የገባሁበት ቤት ሁሉ ሰው ቆሞ ተቀበለኝ። በርጩማ በቀሚሳቸው ጠርገው አስቀመጡኝ። የጠየቅሁትን ሁሉ ቶሎ ቶሎ መለሱ። የሚያውቁኝ ጎረቤቶቼ የሰልፉን ወሬ የሚያምኑት ስላልመሰለኝ፣ ለትምህርት ያላቸው አክብሮት ነው ብዬ ልቤ አበጠ። አንድ አባት ጢሙ ያቀመቀመ ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ "አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሰውነቱ ነው እንዲህ የሆነው" አለኝ። ሰው የልጁን ዕድሜ አያውቅም ብዬ አጠገቡ "ግምት" ብዬ ጻፍኩ። ማታ ወረቀቱን ሳገላብጥ በእኛ ሰፈር ከአሥራ አራት ዓመት በላይ የሆነ ወንድ ልጅ አንድም አልነበረም። ይሄ እንኳን አላነቃኝም።

አሥረኛው ቤት የእትዬ አስካለ ነበር።

እትዬ አስካለ በአንድ መሥሪያ ቤት ጠዋት ጠዋት ጽዳት ይሠራሉ። የእኛና የእሳቸው ግቢ አንድ አጥር ነው የሚለየው። እማዬ ገበያ ስትውል ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው ማለት ይቻላል፤ ጸጉሬን ይሠሩኝ ነበር፣ ምሳዬን ያበሉኝ ነበር። አንድ ልጅ አላቸው፤ ግርማ። በሦስት ዓመት ይበልጠኛል። ሒሳብ ያስጠናኝ፣ ደብል እንድመታ ያደረገኝ እሱ ነው። "አንቺ ቁጥር አትፈሪም፤ ቁጥር የማይፈራ ሰው የትም ይደርሳል" ይለኝ ነበር። ዓመት ሊሆነው ነው፣ ጅማ አጎቱ ዘንድ ሄዶ ሥራ ይዟል ተብሏል። ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው እንደዚያ ነው፤ እኔም።

"እትዬ አስካለ፣ በቤቱ ስንት ሰው ይኖራል?" አልኳቸው፣ ወረቀቱን ጭኔ ላይ ዘርግቼ።

"አንቺ ጽጌ፣ አታውቂውም እንዴ? ብቻዬን አይደለሁ?"

"ማወቁንማ አውቃለሁ። መጠየቅ ግዴታዬ ስለሆነ ነው።"

"ግዴታሽ።" ቃሉን ደገሙት። "ወረቀቱ ሲያልቅ የት ይሄዳል?"

"ወደ በላይ አካል ይተላለፋል።"

መምህሬን ማለቴ ነበር። "በላይ አካል" የሚለውን አባባል ዩኒቨርሲቲ ነው የለመድኩት፤ አፌ ላይ ሲሽከረከር ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ብዬ ጻፍኩ። ክምሩ ግቢ ውስጥ፣ በቤቱ ግድግዳ ጥግ፣ ጣሪያው ሥር ነው። ግድግዳው ኖራ የተቀባ ስለሆነ ነጭ ጠመኔ አልታይ አለኝና ሰማያዊውን አወጣሁ። ሳሰምር እትዬ አስካለ በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል።

"ቤቴን ምልክት አደረግሽበት?"

"የእንጨቱን ነው። ሐሙስ መጥቼ አየዋለሁ።"

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። ምስር እየለቀሙ ነበር። ቀጥታ ወደ ክምሩ ሄጄ ስለካው ደነገጥኩ፤ የደነገጥኩት በደስታ ነው። የእኔና የእማዬ ክምር በሦስት ቀን አንድ ስንዝር ነው የወረደው። የእትዬ አስካለ፣ በስፋትም በርዝመትም ከእኛ ጋር አንድ የሆነው ክምር፣ ሁለት ስንዝር ወርዷል። መምህራችን "የተማሪ ዓይን ማለት ያልተመጣጠነውን ነገር የሚያይ ዓይን ነው" ይለን ነበር። ይኸው አየሁ።

"እትዬ አስካለ፣ ይሄ እኮ የአንድ ሰው እንጨት አይደለም" አልኳቸው።

ምስሩ ላይ ያለው እጃቸው ቆመ። "ምን ማለትሽ ነው?"

"እኔና እማዬ ሁለት ሆነን ያነደድነውን እጥፍ አንድደዋል።"

"ጠላ ጠምቄ ነው።"

"ጋኑ የታለ ታዲያ? ሽታውም የለም።" ሳቅሁ። እንደ ልጅነቴ የምንቀላለድ ነበር የመሰለኝ።

"ብርድ አልችል ብዬ ነው። እንጦጦ በአፍንጫችን ሥር ነው፤ ጓዳው በረዶ ነው፤ እሳት አነዳለሁ።"

"ጓዳ ውስጥ ማን ሊሞቀው? የደበቁት እንግዳ አለ ማለት ነው።"

ይሄንን ነው ያልኩት። ቃል በቃል። እየሳቅሁ።

እትዬ አስካለ አልሳቁም። ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀመጡ። "ጻፍሽው?" አሉኝ።

"ጻፍኩት" አልኩና በኩራት አነበብኩላቸው፦ "የሚነደው እንጨትና የሰው ብዛት አይመጣጠንም፤ መጣራት አለበት።"

ከዚያ በኋላ ብዙ አላወሩኝም። ልወጣ ስል ቆሎ አፍሰው ኪሴ ውስጥ ጨመሩልኝ። ግማሹ መሬት ላይ ፈሰሰ። "ብርዱ ነው፤ እጄን አደነዘዘው" አሉ። እኔም ብርዱ ነው ብዬ አመንኩ።

ማግስቱ አርብ ወር የባተበት፣ የራጉኤል ቀን ነበር። ከሰፈራችን ብዙ ሰው ወደ እንጦጦ ራጉኤል ለመሳለም ሌሊቱ ሳይነጋጋ ይወጣል። እኔ ተኝቼ ነበር። ከሰዓት በኋላ እማዬ ከገበያ ስትመለስ ተራራው ላይ አፈሳ እንደ ነበረ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጪ ካሚዮን ቆሞ ሲጠብቅ እንደ ነበረ ነገረችኝ። "ምን ቀረ እንግዲህ፤ ከታቦቱ ፊት ልጅ መልቀም" አለችና ነጠላዋን አወለቀች። አዘንን፤ እንደ ማንኛውም ቀን።

እሑድ የመጨረሻው ልኬት ነበር። ዘጠኙን ቤት ጨርሼ የእትዬ አስካለን ግቢ ከፈትኩ። ማንም የለም። ወደ ክምሩ ሄድኩ። ሐሙስ ያሰመርኩት ሁለተኛው ሰማያዊ መስመር አለ፤ የእንጨቱ ጫፍ እዚያው መስመር ላይ ነው። ሜትሬን አውጥቼ ለካሁ፤ ደግሜ ለካሁ። አንድ ጭራሮ አልጎደለም። ከሐሙስ እስከ እሑድ በዚያ ቤት እሳት አልነደደም።

ታመው ይሆናል ብዬ በሩን ገፋ አደረግሁ። እትዬ አስካለ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ምድጃው አመድ ብቻ ነው። የጓዳው መጋረጃ ወደ ጎን ተገፍቷል። ከውስጥ ፍራሽ፣ ከፍራሹ አጠገብ የምድጃው ፍም የሚገባበት የከሰል ማንደጃ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ በእርሳስ የተሞላ ሒሳብ ይታያል። ጽሑፉን አውቀዋለሁ። ሰባትን አግድም የሚሰርዛት እሱ ብቻ ነው።

"እትዬ አስካለ" አልኩ።

"መጣሽ?" አሉኝ። ድምፃቸው እንደ ወትሮው ነው። "ለካሽ? እንጨቱ አልጎደለም አይደል?"

"አልጎደለም።"

"አሁን የአንድ ሰው ነው።"

ከዚያ ነገሩኝ። አላለቀሱም፤ ለሥራ ባልደረባ የዕለቱን ውሎ እንደሚነግሩ ነው የነገሩኝ። ግርማ ጅማ ሄዶ አያውቅም። ዓመት ሊሞላው ነው እዚያች ጓዳ ውስጥ ሲኖር። ቀን አይወጣም፣ አይስልም፣ መብራት አያበራም። ሐሙስ እኔ ከወጣሁ በኋላ እናትና ልጅ ሲመክሩ አመሹ። እሱ "ጽጌ ናት፤ እሷ አታደርገውም" አለ። እሳቸው ግን እንቢ አሉት።

"የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል ጥበቃ መሆንሽን። ቤቴን ምልክት አደረግሽበት። ወደ በላይ ይሄዳል አልሽኝ። መጣራት አለበት ብለሽ አነበብሽልኝ። ሌሊቱን እንዴት ልተኛ? ጋቢ አከናነብኩትና ከተሳላሚው ጋር ቀላቀልኩት። በራጉኤል በኩል አልፎ ሱሉልታ እህቴ ጋ ሊወርድ ነበር። ተራራው ጫፍ ላይ ነው የያዙት። አብራው የወጣች ጎረቤት ናት የነገረችኝ።"

"እኔ እኮ የዛፍ ጥበቃ ነኝ" አልኩ። ድምፄ እንደ ሕፃን ሆነ። "ስለ ዛፍ ነው የምማረው፣ ስለ አፈር። ወረቀቱ ለመምህሬ ነው። እኔ ከቀበሌ ጋር ምንም..."

እትዬ አስካለ የምለውን ያመኑኝ ይመስለኛል። ማመናቸው ነው የባሰው።

"ታዲያ ስኳሩ ሰልፍ ላይ ለምን አልተናገርሽም?" አሉኝ።

"እኔም ሰልፉ ላይ ነበርኩ፣ አይቼሻለሁ" አሉኝ። ከመሀል ቆመው ነበር። ሰው ገለል ሲልልኝ እሳቸውም ገለል ብለዋል። ሳልፍ አላየኋቸውም፤ ወደ ጎን አላየሁም ነበርና።

ደብተሬንና ሜትሬን ይዤ ወጣሁ።

ለእማዬ ስነግራት መሬት ላይ ተቀመጠች። "እኔ ነኝ" አለች፤ "አይ፣ እኔ ነኝ" አልኳት። እንደዚያ ተባብለን ማናችንም ሌላችንን ሳናጽናና ነጋ። በነጋታው እማዬ በየቤቱ ዞራ የልጇን ትምህርት ሙሉ ስም እየጠራች አስረዳች። ሰው ሁሉ "እንዴ፣ እሱ ነው እንዴ?" ብሎ ሳቀ አሉ። እውነት ነው፣ በጣም የሚያስቅ ነገር ነው።

ዩኒቨርሲቲ ተመለስኩ። ወረቀቱን ያለማስረከብ መብት አልነበረኝም፤ አስረከብኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ ሲሰጠኝ ከክፍሉ አንደኛ ወጥቻለሁ። መምህሬ በአሥረኛው ቤት ጎን፣ "መጣራት አለበት" ካልኩበት አጠገብ፣ በቀይ ብዕር "ግሩም ትዝብት" ብሎ ጽፏል። ተማሪዎቹ ፊት አነበበውና "እንዲህ ነው ማየት" አለ። አጨበጨቡልኝ። መምህሬ ደግ ሰው ነው፤ ምንም አያውቅም። ወጥቼ ከመማሪያ ክፍሉ ጀርባ፣ ችግኝ ጣቢያው ውስጥ ገብቼ ወረቀቱን አጣጥፌ ደብተሬ መሀል ደበቅሁት።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዕረፍቶች ወደ ቤት ስመጣ እትዬ አስካለን በመንገድ አገኛቸዋለሁ። "እንደምን ዋሉ?" እላለሁ። "እግዚአብሔር ይመስገን" ይላሉ። ስሜን አይጠሩም። አይሰድቡኝም፣ አይረግሙኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ደርግ ወደቀ። ወታደሩ ከሰሜን በእግሩ፣ በጨርቅ፣ በምርኩዝ እየተመለሰ በኮተቤ በኩል ከተማ ሲገባ እትዬ አስካለ ከሥራ ሲወጡ በየቀኑ መንገድ ዳር ይቆሙ ነበር አሉኝ። ዳቦና ውሃ ይዘው። የሚያልፈውን ሁሉ ያበላሉ፣ ስም ይጠይቃሉ። የእሳቸውን ልጅ የሚያውቅ አልተገኘም። ሞተ ያለም የለም፣ አለ ያለም የለም።

በዚህ ክረምት ቤት በመጣሁ በሦስተኛው ቀን እትዬ አስካለ በአጥሩ በኩል ጠሩኝ።

"ጽጌ።"

ስሜን ሲጠሩ ልብሴን እያጠብኩ ነበር፤ እጄ ላይ ያለውን አረፋ ሳልጠርግ ሮጥኩ።

"ያ ወረቀት አለሽ ወይስ ጣልሽው?"

"አለ። አልጣልኩትም።"

"አምጪው እስቲ። ብዕርም ይዘሽ ነይ።"

ይዤ ሄድኩ። ግቢያቸው ስገባ ክምሩን አየሁት። ሁለተኛው ሰማያዊ መስመር ላይ ነው፤ ያኔ እሑድ ከነበረበት አንድ ጣት አልወረደም። ጠመኔዋ ደብዝዛለች፣ እንጨቱ ግራጫ ሆኗል። አጠገቡ የቅጠል ሸክም ተቀምጧል። ለካ ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ከተራራ ከሚወርዱት ሴቶች ቅጠል እየገዙ ነው የሚያነዱት። ከዚያ ክምር አልነኩም። ለማን እንዳስቀመጡት አልጠየቅኋቸውም።

መደቡ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ማንበብ ስለማይችሉ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አድርገው "የሰዉ ቁጥር የቱ ጋ ነው?" አሉኝ። አሳየኋቸው።

"ምን ይላል?"

"አንድ።"

"ሰርዢው። ሁለት በይ። ያን ጊዜ ፈርቼ ነው የዋሸሁት። አሁን የምፈራው ነገር የለኝም።"

ሰረዝኩና ሁለት ብዬ ጻፍኩ።

"ስም ይጽፋሉ?"

"ስም አይጠይቅም። ዕድሜና ጾታ ብቻ ነው።"

"ሃያ። አይ፣ አሁን ሃያ ሁለት ሆኖታል።" ትንሽ አመነቱ። "ያን ጊዜ የነበረው ነው የሚጻፈው አይደል? ሃያ በይ። ወንድ።"

ጻፍኩ። ብዕሬ ወረቀቱን ቀደደው፤ ግን ይነበባል።

እትዬ አስካለ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው የማያነቡትን ቁጥር አዩት። ከዚያ እንደ ድሮው፣ ሒሳቤን ሠርቼ ለግርማ ሳሳየው እሱ እንደሚጠይቀኝ አድርገው ጠየቁኝ።

"እንግዲህ አሁን ልክ መጣልሽ? እንጨቱና ሰዉ?"

"መጣ" አልኳቸው።

ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመት እገባለሁ። ትምህርቱን አልተውኩትም፤ እወደዋለሁ፣ መውደዴ ራሱ አንዳንዴ ያሳፍረኛል። ሰው ምን እንደምማር ሲጠይቀኝ ሦስቱንም ቃላት አንድ ሳልዘል እናገራለሁ። ቸኩሎ የሄደ እንደሆነ ተከትዬው ሄጄ እጨርስለታለሁ። ሰው እንደ እብድ ያየኛል። ግድ የለም። አንድ ቀን፣ አንድ ሰልፍ ላይ፣ አንድ ትንፋሽ ነበር የሚፈጅብኝ።